ትንሽ ደክሟት ነው

አባቴ የሞተ ዕለት መስመሩን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ከሚኤሶ ጣቢያ ጥሪ መጣ፤ አምፖሏ በራች፤ ገመዱን ሰካሁና «ድሬዳዋ» አልኩ። አንድ የወንድ ድምፅ «ምድር ባቡር ቢሮ» አለኝ። አገናኘሁት፣ የማድመጫውን ቁልፍ መለስኩ፣ ወደሚቀጥለው አምፖል ዞርኩ። ጠቅላላ ነገሩ ከግማሽ ደቂቃ አልበለጠም።

ይህን የሰማ ሁሉ «አይ አንቺ፣ እንዴት አልሰማሽም?» ይለኛል። አለመስማት ሥራዬ ስለነበረ ነው። በድሬዳዋ የስልክ ማዞሪያ ሥራ የገባሁ ዕለት አለቃችን አቶ ክፍሉ ማዳመጫውን ራሴ ላይ አስተካክለው ሲያበቁ፣ «ስሚ አስካለማርያም፤ እስከ ‹ሃሎ› ድረስ ያለው የአንቺ ነው። ከ‹ሃሎ› በኋላ ያለው የሰው ገመና ነው» አሉኝ። ሌላው ይህን ምክር ሰምቶ ይረሳዋል፤ እኔ ግን የተባልኩትን የምይዝ ደረቅ ሰው ነኝ። ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ ሲለዋወጡ እጄ በራሱ ሄዶ ቁልፉን ይመልሳል፤ ጆሮዬም አብሮ ይዘጋል። የዓረቡም፣ የግሪኩም፣ የሐረሪውም ነጋዴ ምስጢር ስንት ዓመት በእጄ ሲያልፍ አንዲት ቃል ወደ እኔ አልገባችም። በዚህ እኮራ ነበር፤ አሁንም ኩራቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ከጎኔ የምትቀመጠው ኡባህ ግን ሁሉንም ትሰማለች። በአማርኛ ትሰማለች፣ በሶማሊኛ ትሰማለች፣ በኦሮምኛና በዓረብኛ ትሰማለች። ጅጅጋ ውስጥ ማን ለማን እንደሚዳር ከሙሽራዋ በፊት የምታውቀው እሷ ናት። አቶ ክፍሉ በኋላችን ሲያልፉ ቁልፉን ትመልሳለች፣ ሲርቁ ደግሞ ታነሳዋለች። አንድ ቀን ገመናውን ለማንም ስታወራ ግን አልያዝኳትም፤ ለራሷ ብቻ ነው የምታከማቸው።

ያን ቀንም ከእኔ አምፖል ቀጥሎ የበራው የሷ ነበር፤ ምድር ባቡር ቢሮው ወሬውን ለአቶ ክፍሉ ሲያስተላልፍ መስመሩ በእሷ በኩል አለፈ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከእኔ በቀር በማዞሪያው ውስጥ ያላወቀ ሰው አልነበረም።

«አባዮ» አለችኝ፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው። «አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል አሉ። ነገ በባቡር ሂጂ።»

አቶ ክፍሉ ሳልጠይቃቸው የሳምንት ፈቃድ ሰጡኝ። ለትንሽ ሕመም ሳምንት ሙሉ ለምን እንዳስፈለገ ለአፍታ እንኳ አልገረመኝም። ከሥራ ስንወጣ ኡባህ አብራኝ ቀፊራ ገበያ ወረደችና ለአባቴ ብርቱካን ገዛን፤ አሥራ ሁለት የኤረር ብርቱካን። አንድ በአንድ እየጨበጠች ደህና ደህናውን የመረጠችልኝ እሷ ናት። በማግስቱ ዘንቢሌን ታቅፌ ሚኤሶ ስወርድ ወንድሜ ማዘንጊያ ራሱን ተላጭቶ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አባቴ እኔ ባቡር ሳልሳፈር ተቀብሮ ነበር።

መርዶ በሥራ ቦታ፣ ባዕድ መሃል አይነገርም። ሽማግሌ ተይዞ፣ በማለዳ፣ ቤት ድረስ ተመጥቶ ነው የሚነገረው፤ ዘመዱ ሩቅ የሆነ ደግሞ «አሞት ነው» ተብሎ ወደ ወገኑ ይላካል። ይህን አውቃለሁ፤ እኔም በሌላ ሰው ላይ አድርጌዋለሁ፤ ስለዚህ ሥርዓቱን አልጠላሁም። ያንገበገበኝ ብርቱካኑ ነው። ከዚያ ወዲህ «ትንሽ አሞት ነው» የሚል ቃል ሰምቼ ያመንኩበት ቀን የለም። ከኡባህ ጋር ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም። አብረን እንስቃለን፣ አብረን ሻሂ እንጠጣለን፣ ብርቱካን የሚባል ነገር ግን በመካከላችን አይነሳም።

ይህ ከሆነ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ እንዳለፈ አቶ ክፍሉ አራታችንን ሰበሰቡንና አውቶማቲክ ሊመጣ ነው አሉን። ከእንግዲህ ሰው ቁጥሩን ራሱ ያዞራል፤ የከተማው ማዞሪያ ይዘጋል፤ የሚቀረው የሩቅና የውጭ አገር ጥሪ የሚያገናኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው በእንግሊዝኛ ፈተና ይመረጣል። ከፈተናውም ዋናው በቴፕ የተቀዳ የፈረንጅ ንግግር አድምጦ ጥያቄ መመለስ ነው፤ ቴፑ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫወታል፣ አይደገምም። ሁለቱ ጓደኞቻችን «ይቅርብን» አሉ፤ አንዷ ልታገባ ነበር፣ ሌላዋ አዲስ አበባ እህት ነበራት። እኔና ኡባህ ቀረን።

ሥራው ካመለጠኝ የት እንደምሄድ አስቀድሞ ተወስኗል። ማዘንጊያ የሚኤሶ ጣቢያ ሹም ነው። «ቤቱ ቤትሽ ነው፤ ልጆቹም አክስታቸውን ይፈልጋሉ» ብሎ በደብዳቤ ጽፎልኛል። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሚኤሶን ያየ ያውቀዋል፤ ባቡር ይመጣል፣ ባቡር ይሄዳል፣ በመሃሉ ነፋስ ነው። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመቴ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንዲት የራሴ ክፍል፣ የራሴ በርና የራሴ ቁልፍ አለኝ። ጠዋት ማዳመጫውን ሳጠልቅ ደግሞ ከተማው ሁሉ በጣቴ ጫፍ ነው። ያንን ማዞሪያ እወደው ነበር፤ ላጣው አልፈለግኩም። በቃ ይኸው ነው።

እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ አያስፈራኝም፤ ማድመጡ ግን ጉድ ነው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ስለሆንኩ የሚቀናኝ ፈረንሳይኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ከሰው አፍ ሲወጣ እህል እንደሚያላምጥ ሰው ይሆንብኛል። ኡባህም ከእኔ አትሻልም። ስለዚህ ወደ አጎቷ ወደ ዋይስ ወሰደችኝ።

አዴር ዋይስ፣ አዴር በሶማሊኛ አጎት ነው፣ ከዓደን በሚነሱ የእንግሊዝ መርከቦች ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ምግብ ሲያቀርብ የኖረ ሰው ነው። አሁን ቀፊራ ውስጥ ተምር፣ ሩዝና ኩራዝ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ከተምሩ ጆንያ በላይ፣ መደርደሪያ ላይ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ሬዲዮ ተቀምጧል። አማርኛው የራሱ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላል። ለምን እንደመጣን ስንነግረው ጨርቁን ከሬዲዮው ላይ ገፈፈና «ሃዬ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። «በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንግሊዝ ዜና ይናገራል። እናንተ ይሰማል። እኔ ይጠይቃል።»

እንዲህ ተጀመረ። ከሥራ ስንወጣ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተሻግረን ቀፊራ እንወርዳለን፤ ሁለት ባዶ ሳጥን ላይ እንቀመጣለን፤ ደብተራችንን ጉልበታችን ላይ እናደርጋለን። ዜናው ሲያልቅ አዴር ዋይስ ሬዲዮውን ይዘጋና ሁለት ጥያቄ ይጠይቀናል። «ማነው የተናገረው? ምን ፈልጎ ነው?» ሌላ ጥያቄ የለውም። ቃሉን አንድ በአንድ ለመያዝ የምንፍጨረጨር ከሆነ ይቆጣል። «መርከብ ላይ አንዱን ቃል ስትይዝ ሰውየው አምስት ቃል ይሄዳል። ቃሉን ተወው። ሰውየውን ያዝ።»

በሦስት ሳምንት ውስጥ ዜናው ይገባኝ ጀመር። የት አገር ጎርፍ እንደመጣ፣ የት አገር ምርጫ እንደተደረገ እናገራለሁ። ኡባህ እኔን መከተል ጀመረች። እኔም እንደ ልማዴ ኮራሁ።

አንድ ቀን ግን አዴር ዋይስ «ፈተናው ላይ አንድ ሰው ብቻ አይናገርም፤ ሁለት ሰው ነው» አለና ገዲን ጠራው። ገዲ በጦርነቱ ጊዜ ለእንግሊዝ ጦር ካሚዮን የነዳ፣ አሁን መልካ ጀብዱ እህል የሚያመላልስ ጎረቤቱ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀመጡና በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመሩ። አንዱ ደህና አደርክ አለ፤ ሌላው ደህና አደርክ ጌታዬ አለ። ከዚያ ብዙ አወሩ፤ ገዲ እጁን አወራጨ፣ አዴር ዋይስ ጠረጴዛ መታ። ጨረሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አልን?»

ምንም የለም። ከ«ደህና አደርክ ጌታዬ» በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። ሰዎቹ ሲያወሩ አይቻለሁ፤ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ፊቴን ሳዞር ኡባህ አፏን በሻሿ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። ቀኝ እጄን ጠቆመችኝ። እጄ በደብተሬ ጠርዝ ላይ፣ ቁልፉ በሚኖርበት ቦታ፣ ጣቱን ወደፊት ገፍቶ ተቀምጧል።

«ናያ! ዘጋቻቸው እኮ!» አለች ኡባህ፤ ናያ በሶማሊኛ አንቺ ማለት ነው። በሳቅ ፈነዳች። «ወላሂ አገናኝታ ዘጋቻቸው!»

ገዲም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሳቁ ጠፋና ፍርሃት ተተካ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለት ሰው ሲነጋገር ጆሮዬን የዘጋሁ ሰው፣ ለፈተናው በቀረው ስድስት ሳምንት ውስጥ እንዴት አድርጌ ልክፈተው? ሰላምታ ስሰማ የሚዘጋ ጆሮ ይዤ ለማድመጥ ፈተና መቀመጤ ነው።

በማግስቱ ኡባህ ማዞሪያው ላይ ጎንበስ ብላ፣ «ምን ሬዲዮ ያስፈልግሻል? ይኸው የፈረንጆቹ መስመር እጅሽ ላይ ነው። ቁልፉን ሳትመልሺ ትንሽ ቆዪ። ማን ያውቃል?» አለችኝ።

«እኔ አውቃለሁ» አልኳት። ቆጣ ብዬ ነው ያልኩት፤ ምክንያቱም ለመሞከር እጄ በልቶኝ ነበር። ኡባህ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ገመዶቿ ተመለሰች።

መፍትሔውን ያገኘው አዴር ዋይስ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወሬ ከመጀመራቸው በፊት ከአፍ እስከ ገደፉ የሞላ ትኩስ ሻሂ በብርጭቆ ሰጠኝና «በሁለት እጅ ያዝ» አለኝ። እጄ ከተነቃነቀ ሻሂው ቀሚሴ ላይ ነው። እጄን ስይዘው ጆሮዬም ቆመ። በመጀመሪያው ቀን ከሰላምታው በኋላ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሰማሁ። በሳምንቱ ግማሹን። ከዚያ እስከ መጨረሻው። ሁለት ቀሚስ አበላሽቻለሁ፤ አልቆጨኝም።

ጆሮዬ ሲከፈት ደግሞ ከሚገባው በላይ ተከፈተ። ገዲና አዴር ዋይስ በእንግሊዝኛ የሚጫወቱት ጨዋታ ሁሉ የራሳቸው ኑሮ ነው። ገዲ «ካሚዮኔ ትንሽ ዘገየ» ካለ ካሚዮኑ ተገልብጧል ማለት ነው። አዴር ዋይስ «ሩዙ ደህና ነው፣ ጥቂት እርጥበት ነክቶታል» ካለ ሩዙ አልቆለታል። እኔም ከሁለቱ ጥያቄዎች በላይ ሦስተኛ ጨመርኩ፤ የደበቀው ምንድን ነው? በየጊዜው አገኘው ነበር። «እህሉ መንገድ ላይ ነው ሲል ገና አልጫነውም» እላለሁ፤ ገዲ በሳቅ ይወድቃል። አዴር ዋይስ «ማሻአላህ» ይላል። «ይህን ሰው ቀፊራ ውስጥ ማንም አያታልለውም።»

ኡባህ በዚህ ላይ ከእኔ ታንሳለች። እሷ የተባለውን ብቻ ነው የምትጽፈው፤ እርጥበት ከተባለ እርጥበት። «ሞኝ አትሁኚ እንጂ» እላታለሁ። አንድ ጊዜ ይህን ስላት ቀና ብላ አየችኝና ልትናገር ከጀመረች በኋላ ተወችው።

የፈተናው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ እኔ በአንድ ወንበር፣ ኡባህ በሌላ ወንበር ተቀመጥን። ሊፈትነን ከአዲስ አበባ የመጣው ፈረንጅ ሁለት ጎማ የሚዞርበት ቴፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወረቀት አደለን፤ አሥር ጥያቄ ነው። ሻሂ ስለሌለ ግራ እጄን በቀኝ እጄ ላይ አድርጌ ጨበጥኩት።

የመጀመሪያው ስለ አየር ጠባይ ነው፤ ቀላል ነው። ሁለተኛው ሻንጣው የጠፋበት ሰው ነው፤ ከጣቢያ ሠራተኛ ጋር ይከራከራል፤ እሱንም ያዝኩት። ሦስተኛው ሲጀምር ቴፑ ውስጥ ስልክ ጮኸ። አንዲት ሴት «ሃሎ» አለች፤ ሌላዋም «ሃሎ» አለች፤ እጄ ሊሄድ ተነሳ፤ ጨምድጄ ያዝኩት። አልዘጋሁም።

ሁለቱ እህትማማች ናቸው። አንዷ ከእናታቸው ጋር ትኖራለች፤ ሌላዋ ሩቅ ከተማ ሥራ ላይ ናት። ሩቅ ያለችው «እናታችን እንዴት ናት?» አለች። እህቷም «ደህና ናት፤ ትንሽ ደክሟት ነው» አለች። «ቀኑን ሙሉ አትክልት ስትኮተኩት ውላ ነው። አሁን ተኝታለች። የምትጨነቂበት ነገር የለም። ግን ቅዳሜ ብትመጪ ደስ ይለናል፤ ልጆቹንም ይዘሻቸው ነይ።» ከዚያ ተሰነባበቱ።

ዘጠነኛው ጥያቄ «እናትየዋ እንዴት ናት?» ይላል። አሥረኛው «እህቷ ለምን እንድትመጣ ፈለገች?» ይላል። በመጀመሪያ «ደክሟታል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ያቺን ሩቅ ያለች ልጅ አሰብኳት። ቅዳሜ ባቡር ልትሳፈር ነው። ልጆቿን አልብሳ፣ ለእናቷ አንድ ነገር ገዝታ፣ ታቅፋ ልትወርድ ነው። ማንም አልነገራትም! በላጲስ አጠፋሁት፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ አጠፋሁት። «እናትየዋ ሞታለች» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም «ቤት ስትደርስ መርዶውን ሊነግሯት ነው» ብዬ ጨመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር የለም።

ስንወጣ ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር ቆምን። ደስ ብሎኝ ነበር። «ምስኪን፣ እናቷ ሞታ...» ብዬ ጀመርኩ።

«የማን እናት?» አለች ኡባህ።

«የልጅቷ ናታ! ቴፑ ላይ።»

«ደክሟት ነው እኮ። አትክልት ስትኮተኩት ውላ።»

«ኧረ አቦ! ተኝታለች፣ አትጨነቂ፣ ልጆቹን ይዘሽ ነይ እያለቻት? ይህ እኮ ግልጽ ነው!»

ተፋጠጥን። ከዚያ በቀጥታ ቀፊራ ወረድን። አዴር ዋይስ የሁለታችንንም ቃል እስከ መጨረሻው አደመጠና ሚዛኑን ወደ ጎን ገፋው።

«ስማ አስካለ» አለኝ። «እኔ እናቴ ሲሞት ባሕር ላይ ነኝ። ካፒቴን ጠራኝ። ቆሞ ነው የነገረኝ። ‹ዋይስ፣ እናትህ ሞቷል፤ አዝናለሁ› አለ። ከዚያ ‹ራት አንድ ሰዓት ነው› አለ። በቃ። እንግሊዝ ሞተ ከሆነ ሞተ ይላል። ደከመ ከሆነ ደከመ ይላል።»

«ታዲያ ይህን ቀድመው ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅከኝም» አለ።

ያኔ ገባኝ። ከገዲና ከእሱ የተማርነው እንግሊዝኛ ቃሉ የእንግሊዝ ነው፤ ነገሩ ግን የቀፊራ ነበር። ሳጥኑ ላይ ቁጭ አልኩ። አዴር ዋይስ ሻሂ ቀዳልኝ፤ በዚህ ጊዜ ግማሽ ብቻ ነው የሞላው።

«ብዙ ዓመት ተናደድኩ» አለ። «እንዴት ቆሞ ይነግረኛል አልኩ። ግን አንድ ነገር አለ። ከዚያ ወዲያ ካፒቴኑ ‹ቤትህ ሰላም ነው፣ ደብዳቤ መጥቷል› ሲለኝ አምናለሁ። እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ኡባህ ደብተሯን ጠቅልላ፣ ፈታ፣ ጠቅልላ ተቀምጣለች። ስንለያይ ብቻ፣ «አባዮ፣ ያንን መልስ ያጻፍኩሽ እኔ ነኝ» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ሰፈሯ ሄደች። ምን ማለቷ እንደሆነ አውቄአለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ብርቱካኑ ቀን የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ነው።

ውጤቱ ሁለት ሳምንት ቆየ። ሁለታችንም ሥራችን ላይ ነን፤ አምፖሉ ይበራል፣ ገመዱን እንሰካለን። እኔ እንደ ወትሮዬ ቁልፉን እመልሳለሁ። ከጎኔ ኡባህም መመለስ መጀመሯን ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው።

አንድ ማለዳ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አቶ ክፍሉ ናቸው፤ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ በዚያ ሙቀት። ከኋላቸው አዴር ዋይስ ከዘራውን ይዞ ቆሟል። ከእሱ ኋላ ኡባህ ዘንቢል አንጠልጥላለች። ሦስቱ በዚያ ሰዓት አንድ ላይ በሬ ላይ! የመርዶን ወግ የማያውቅ ሰው «ምን ሆናችሁ?» ይላል። እኔ ግን በሩን ይዤ ቀረሁ።

ገቡ። አቶ ክፍሉ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ አዴር ዋይስ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ኡባህ ቆመች።

«ደህና አደርሽ አስካለማርያም?» አሉ አቶ ክፍሉ። «ሙቀቱ እንዴት አደረገሽ? ዘንድሮ ጠንከር ብሏል። ዝናቡም ዘገየ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ማዘንጊያ ደህና ነው? ልጆቹስ? መቼም ወንድም ያለው ሰው...» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰው በዚህ ዓለም የሚያስበውና የሚሆነው... የሆነ ሆኖ፣ ውጤቱ ትንሽ...»

ትንሽ። ያቺን ቃል አውቃታለሁ። እንደገና ሊያደርጉብኝ ነው። ያዘኑልኝ ሰዎች በዚሁ ደግነታቸው እንደገና ዘንቢል ሊያሸክሙኝ ነው። «ንገሩኝ!» ልል አፌን ስከፍት ኡባህ ቀደመችኝ።

«አቶ ክፍሉ፣ ይተዉ» አለች ኡባህ። ወደ እኔ ቀርባ ዓይኔን አየችኝ። «አባዮ፣ እኔ ስምንት አገኘሁ። አንቺ ሰባት። ቦታው የእኔ ነው። ማዞሪያው በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል።»

አቶ ክፍሉ ደነገጡ። «አንቺ ልጅ! እንዲህ ይነገራል?»

«በእኛ ይነገራል» አለቻቸው። «በእኛ ሰው ሲሞት ያኔውኑ ነው የሚነገረው፤ ቀብር አይጠብቅም። የዚያን ቀን ልነግራት ነበር፤ እርስዎ ‹በእኛ ወግ አይደለም› አሉኝ። እሺ አልኩ። ብርቱካን ስመርጥላት እጄ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።» ወደ እኔ ዞረች። «አላየሽም። እንድታዪልኝ ፈልጌ ነበር።»

አለቀስኩ። ስለ ሥራዬ አለቀስኩ፣ ስለ በሬና ስለ ቁልፌ አለቀስኩ፣ ከአራት ዓመት በፊት ሚኤሶ ላይ በብዙ ሰው መሃል ስላለቀስኩት ስለ አባቴም እንደ አዲስ አለቀስኩ። ግን አንድ ነገር ቀለለኝ። ነገሩ ልክ እሷ እንደተናገረችው ነበር፤ ከኋላው የተደበቀ አልነበረም፤ ስፈልግ አላገኘሁም። ስምንትና ሰባት። ያቺን ደህና ሴትዮ ባልገድላት ኖሮ ዘጠኝ ነበርኩ። ይህን ስላቸው መጀመሪያ የሳቀው አዴር ዋይስ ነው፤ ከዚያ ሁላችንም።

ኡባህ ዘንቢሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የኤረር ብርቱካን ነው። ሳልቆጥረው አሥራ ሁለት እንደሆነ አውቄአለሁ።

«ይህ የሚበላ ነው» አለች። «ማንም አልሞተም።»

ከሁሉ ቀድማ አንዱን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። አቶ ክፍሉ በመጀመሪያ «ኧረ በማለዳ!» አሉ፤ በኋላ ኮታቸውን አውልቀው ሁለት በሉ። ሚኤሶ ይዤው የሄድኩትን ብርቱካን ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አላውቅም። ይኸኛውን እኛ በላነው።

በወሩ መጨረሻ ክፍሌን ለቅቄ ሚኤሶ ወረድኩ። የማዘንጊያ ልጆች ጥሩ ናቸው፤ ነፋሱም እንደፈራሁት ነው። ጣቢያው ቢሮ ውስጥ ስልክ አለ። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይጮህና ማዘንጊያ «ላንቺ ነው» ይለኛል።

«ድሬዳዋ» ትላለች ኡባህ። ከዚያ ቁልፉን ሳትመልስ፣ «አባዮ፣ ደህና ነሽ?» ትለኛለች። ደህና ካልሆንኩ፣ ደህና አይደለሁም እላታለሁ።